ያልተቀመሰው ኬክ

ሜሪ ኬኩን ማኘክ ካቆመች ቆይታለች፤ ግን አልዋጠችም። አስካለማርያም ማማሰያዋን እንደያዘች ፊቷ ላይ አፈጠጠች።

«እሺ? ተናገሪ እንጂ!»

«ምርጥ ነው» አለች ሜሪ በግድ ውጣ። «ቀውጢ ነው፣ አስኩ።»

«ማሩ በቅቶታል?»

«በቅቶታል።»

አስካለማርያም ማማሰያዋን ወደ ላይ ወርውራ ቀለበችው። ራሷ መቅመስ አትችልም። ዕለቱ ቅዳሜ፣ የገና ዋዜማ ነው፤ ጾሙ አልተፈታም። እንቁላልና ቅቤ የገባበት ነገር እስከ ነገ ቅዳሴ ድረስ ወደ አፏ አይገባም። የጎረቤቷ ልጅና የክፍል ጓደኛዋ ሜሪ ግን ፕሮቴስታንት ስለሆነች ጾሙ አይመለከታትም። የቀማሽነቱን ሥራ ያገኘችው ለዚህ ነው።

እናቷ ቤት ብትሆን ቀማሽም ባላስፈለገ። እማዬ የበዓል ወጥ በአፏ ሳታደርስ አሽትታ ብቻ የጎደለውን የምታውቅ ሴት ናት። ዘንድሮ ግን ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነርስ ሆና ተመደበች፤ ማጀቱን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ለቃ ሄደች። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የግቢው ተከራይ ሁሉ እነሱ ቤት ይበላል። አስካለማርያም ደግሞ ገበታው ላይ ከሱቅ የተገዛ ነገር እንደማይቀርብ፣ ኬኩም በእጇ እንደሚጋገር ለሁሉም አውጃለች። ቢበላሽባት የምትገባበት ጉድጓድ የለም።

ሳሎኑን ራሳቸው አሳምረውታል። ጥግ ላይ የቆመው የገና ዛፍ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የታሰረ ነው፤ በክር የተሰካ ቀይ የቡና ፍሬ ዙሪያውን ወርዷል፣ ጥጥ ጣል ጣል ተደርጎበታል። ወንድሟ ይዲድያ ከአዲስ አበባ ያመጣው የላስቲክ ዛፍ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ገብቷል። አገሩ ሁሉ ጫካ ሆኖ የላስቲክ ዛፍ! አስካለማርያም ካርቶኑን ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ይዲድያ ራሱ በበሩ ብቅ አለ። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ጾም ትቷል፤ አስካለማርያም «ጾሙን መንገድ ላይ፣ ወሊሶ፣ ከአውቶቡስ አውርዶት ነው የመጣው» ትለዋለች።

«ይሄ ነው የተወራለት ኬክ?»

«እጅህን ሰብስብ!»

አልሰበሰበም። ቆርሶ ጎረሰ። ከዚያ ዓይኑ ፈጠጠ፤ በሩ ላይ ሄዶ ተፋና ተንከትክቶ ሳቀ።

«አስኩ፣ ሙቺ! ኬክ ነው ክትፎ? ኮሰረቱ አፍንጫዬን ሊያወጣው ነው!»

አስካለማርያም የቅቤውን ዕቃ አየች። ቅቤው። ለዶሮ ወጡ የነጠረውን፣ ኮሰረትና ነጭ ሽንኩርት የጠጣውን ቅቤ ነበር የጨመረችው። ያልነጠረ ቅቤ ለበዓል ነውር መስሏት፣ «ለኬክማ ምርጡ ነው የሚገባው» ብላ በኩራት ነው የገለበጠችው። ሽታው እንዳይነግራት ደግሞ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ የሚሸተው ቅቤና ቁሌት ነው።

ወደ ሜሪ ዞረች። «አንቺ ቀምሰሻል።»

ሜሪ ወለሉን አየች።

«ምርጥ ነው አላልሽኝም? በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነበር? ለምን ዋሸሽኝ?»

«ፈራሁሻ!» ሜሪ ቀና አለች። «ለሳይንስ ኤግዚቢሽን የሳልሽውን ልብ ‹ጉበት ይመስላል› ስልሽ ምን አደረግሽ? ቀደሽ ፊቴ ላይ ጣልሽው። ከዚያ ወንበር ቀየርሽ። እስከ ፈተና ድረስ ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት። ዛሬስ ምን ልበልሽ?»

አስካለማርያም አፏን ከፈተች። ምላሷ ላይ ሦስት ስድብ ተደርድሮ ነበር። ግን ሥዕሉ በእርግጥም ጉበት ይመስል ነበር። ይህን ያኔም ታውቀዋለች።

«ሰማችሁ?» አለ ይዲድያ ስልኩን አውጥቶ። «ኬክ ቤቱ ሳይዘጋ ልዘዝ። ማንም አያውቅም፤ አንቺ የጋገርሽው እንላለን።»

ለእሱ ግን ስድቧን አልዋጠችም። «አንተ ከፈለግክ ዋሽ! ስልክህን ኪስህ ክተት፣ ፋራ!»

ከዚያ ወደ ሜሪ ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እናትሽ ጋ ያልነጠረ ቅቤ አለ?»

«አለ።»

«አምጪልኝ። አምጥተሽም እንዳትሄጂ። ከአሁን በኋላ የመሰለሽን ሁሉ በለው። ቃል እገባለሁ፣ አልጮህም።»

«አንቺ?» አለ ይዲድያ።

«ዝም በል!» ብላ ጮኸች። ሜሪ ሳቋ አመለጣትና ወጥታ ሮጠች።

ሁለተኛው ሊጥ ገና ሳይጋገር ነው የተቀመሰው። ሜሪ ጣቷን ላሰች።

«ኮረሪማው በዛ።»

አስካለማርያም ጆሮዋ ጋለ። «በጣም?»

«ሳሙና ሳሙና ይላል።»

ሳሙና! አስካለማርያም ጥርሷን ነክሳ ዱቄት ጨመረች፣ እንቁላል ሰበረች፣ አማሰለች። «አሁንስ?»

«ተስተካክሏል። ማር ይጨመር፣ ትንሽ።»

ጨመረች። ብረት ድስቱን በኮባ ቅጠል ለበጡት፤ ሊጡን ገለበጡ፤ ከሥርም ከክዳኑ ላይም ፍም አደረጉ። የመጀመሪያው ላዩ አርሮ ስለነበር ሜሪ «ከላይ ያለው ፍም ይቀነስ» አለች፤ ተቀነሰ። ይዲድያ እንኳ መሳቁን ትቶ እንጨት ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር።

ክዳኑ ሲነሳ ኬኩ እስከ ድስቱ አፍ ተነፍቶ፣ ወርቅ መስሎ ቁጭ ብሏል። ሜሪ ከጠርዙ ቆርሳ ጎረሰች፣ ዋጠች። ምንም ሳትናገር ሌላ ቆረሰች።

«ተናገሪ እንጂ!»

«ዝም በይኝ» አለች ሜሪ አፏን ሞልታ። «እየበላሁ ነው።»

አስካለማርያም እልል አለች፤ ግቢው ሁሉ ሰማ።

በማግስቱ ወጡ ሳይቀርብ ኬኩ ተቆረጠ፤ መጠበቅ አልቻለችም። የጾም መፍቻዋ የራሷ ኬክ ሆነ። ማሩ ምላሷ ላይ ሟሟ፤ ኮረሪማው ከኋላ ቀስ ብሎ መጣ። ከተረኝነት የመጣችው እማዬ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ሁለት ቁራሽ በላች። ከተከራዮቹ አንዱ የሆኑት የሒሳብ መምህሩ ጋሽ በዛብህ ቁራሹን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ የየትኛው ኬክ ቤት ነው?»

«የዚህ ቤት ነው፣ ጋሼ!» አለች አስካለማርያም ደረቷን ነፍታ። ይዲድያ ሦስተኛውን ቁራሽ ሲያነሳ አየችው። «ጣፈጠህ?»

«አቦ፣ ተሸንፌያለሁ!» አለ። «ዛፉንም ከነካርቶኑ አዲስ አበባ እመልሰዋለሁ።»

ከዚያ ዶሮ ወጡ ቀረበ። እንግዳው ሁሉ ጎረሰ። «እጅሽ ይባረክ» አሉ ጋሽ በዛብህ። «ግሩም ነው» አለ ሌላው። እማዬም ጎርሳ ወደ ልጇ አየት አድርጋ ሁለተኛ ጉርሻ ጠቀለለች።

«አስኩ» አለች ሜሪ ከማዶ። «ወጡን አላስቀመስሽኝም ነበር። ጨው የለውም።»

ይዲድያ ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ የእህቱን ፊት ተመለከተ። ጋሽ በዛብህ ወደ ሰሃናቸው አቀረቀሩ። አስካለማርያም ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። ከወጡ በእንጀራ ጠቅሳ ቀመሰች። አንዲት ፍሬ ጨው የለበትም።

ብድግ አለች።

«ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ» አለች ጮክ ብላ፣ «የተናገረችው እሷ ብቻ ናት? ሌሎቻችሁ አፍ የላችሁም?»

እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አስካለማርያም ወደ ማጀት ገብታ የጨውን ዕቃ ይዛ ተመለሰች፤ የተዘረጋውን የይዲድያን እጅ አልፋ መጀመሪያ ለሜሪ ሰጠቻት።

«አንቺ ጨምሪ» አለቻት። «ሲበቃ ንገሪኝ።»