ቢጫ ክር

«አይዞሽ ልጄ፣ ሣህሌ ሁሉንም ነግሮኛል» አሉ ሐኪም ዓምደ ሚካኤል በጋራዡ በር ሲገቡ። ቀኝ እጃቸው በነጭ ጨርቅ ታስሮ ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል። ከኋላቸው ሁለት ጎረምሶች ሞተር ብስክሌታቸውን እየገፉ ነበር።

ኢፍቱ ከጎማው ቁልል ላይ ተነሣች። «ምኑን ነገረዎት?»

«የመብራቱን ነገር ነዋ። ያገናኘሽው አንቺ እንደሆንሽ። ልቆጣሽ አልመጣሁም፤ አባትሽ ሳይመለስ እይው ብዬ ነው።»

ሥራቸው ድሬሰርነት፣ የሐኪም ረዳትነት፣ ቢሆንም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ያለው ሰው ሁሉ ሐኪም ነው የሚላቸው። ጎረምሶቹ ሞተሩን አቁመው ሲሄዱ በደኅናው እጃቸው መሪውን መታ መታ አደረጉት፣ ፈረስ የሚያባብሉ ይመስል።

«ትናንት ሊመሽ ሲል አንዲት ወላድ አይቼ እየወረድኩ ነበር። የሰኔ ጭጋግ እንደምታውቂው ነው፤ የገዛ እጅን አያሳይም። ወደ ግራ የሚታጠፈው ላይ መሪውን ሳዞር መብራቱ ድርግም አለ። ከዚያ ራሴን ያገኘሁት ቦዩ ውስጥ ነው።» ፈገግ አሉ። «እናትየዋ ደኅና ናት፣ ሕፃኑም ደኅና ነው። ከሦስታችን የተሰበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ኢፍቱ አልሳቀችም። «ሣህሌን የት አገኙት?»

«ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ። በጣም አዝኗል። ‘ብዙ ነግሬያት ነበር’ አለኝ።»

ብዙ ነግሬያት ነበር። ምን? ኢፍቱ ልታስታውስ ሞከረች። ምንም አልመጣላትም።

ሐኪሙ ከሄዱ በኋላ አዳዳ ሎሚ፣ ቤቱን የምታስተዳድረው የአባቷ እህት፣ ከጓሮ በር ብቅ አለች። ሁሉንም ሰምታለች። «በግራ እጅ የተሠራ መቼ ቀንቶ ያውቃል?» አለች፣ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች እያየች። «ልብስሽን አዘጋጂ። ወንድሜ ነገ ከለቅሶው ሲመጣ ምን እንደሚል አውቃለሁ።»

ኢፍቱም ታውቃለች። አባቷ ነገሳ ማክሰኞ ዕለት ወደ ሰንዳፋ ለለቅሶ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ የነገራት ቃል አጭር ነበር። «ይህን ሞተር አንቺና ሣህሌ ያለኔ ጨርሱት። ሐኪሙ ከእንጦጦ ወርደው ‘ደኅና ነው’ ካሉኝ ክረምቱን ሙሉ ከኔ ጋር ትሠሪያለሽ። ካልሆነ እንደ አምናው ሰንዳፋ ትከርሚያለሽ።» አምና ሰንዳፋ ሦስት ወር ሙሉ የዘመድ ልጆች ስታዝልና ጭቃ ስታይ ከርማለች። የ1957 ዓ.ም. ክረምትም እንደዚያ ሊያልፍ ነው።

ሥራው ከባድ አልነበረም። የሞተሩ የፊት መብራት እንደ ጧፍ የደከመ ስለነበር፣ አባቷ መርካቶ ከተፈታ ትልቅ ሞተር ላይ የወጣ ሰፊ መብራትና አንድ ክላክስ አግኝቶ አመጣ። አንድ ጥቅል ወፍራም ቀይ ሽቦም አስቀመጠላቸው። «ትልቅ መብራት ብዙ ይጠጣል» ብሎ ነበር። «በቀጭን ሽቦ ብታጠጡት ሽቦው ይቃጠላል።» ኢፍቱ በባትሪውና በቫልቮላው በኩል ያለውን ሠራች፤ ቫልቮላው ሽቦዎቹ ሲሳሳቱ ቀድሞ ተቃጥሎ ሌላውን የሚያተርፈው ትንሹ ነገር ነው። ከዚያ የስምንተኛ ክፍል የመጨረሻ ፈተናዋን ልትፈተን ሄደች። ሽቦውን በቤንዚን ታንከሩ ሥር አሳልፎ እስከ መብራቱና እስከ ክላክሱ የመጎተቱ ሥራ የሣህሌ ነበር። ስትመለስ ሁሉም በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ አልቋል። መብራቱ በራ። ሣህሌ ክላክሱን ደጋግሞ ሲነፋው የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጮኸ፣ እነሱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሣህሌ ከሷ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ከትምህርት ቤት መልስ አባቷ ዘንድ ሙያ መማር ከጀመረ ሁለት ክረምት አልፎታል። መጀመሪያ ፒንሳ ያስያዛት እሱ ነው። አዳዳ ሎሚ በቀኝ እጅሽ ያዢ እያለች ስትነተርካት፣ እሱ ዝቅ ብሎ በጆሮዋ «ሽቦ ግራና ቀኝ አያውቅም ባክሽ፣ በሚመችሽ ያዢው» ብሏት ነበር። ያን ቀን ወንድም ያገኘች መስሏት ነበር።

ምናልባት እውነቱን ይሆናል፣ አለች ለራሷ። ምናልባት የሆነ ነገር ነግሮኝ ሳልሰማው ቀርቼ ይሆናል።

ኮርቻውን አነሣች። ቫልቮላው ተቃጥሏል። አዲስ አስገባችና ቁልፉን ከፈተች። መብራቱ ቦግ አለ። ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ደኅና መስሎ የሚያሾፍ ብልሽት። ሞተሩን ነቀነቀችው፣ መብራቱ አልጠፋም። መሪውን ወደ ቀኝ አዞረች፣ አልጠፋም። ወደ ግራ ስታዞር ግን ጠፋ። ሁለተኛው ቫልቮላ ተቃጠለ። የቀረው አንድ ብቻ ነው።

እንዲህ ሲሆን አባቷ ቫልቮላ አያባክንም። የፊት መብራቱንና ክላክሱን ይነቅልና በቫልቮላው ቦታ ትንሽ አምፖል ያስገባል። ሁሉም ተነቅሎ ሳለ አምፖሉ ከበራ፣ ኤሌክትሪኩ በማይገባው መንገድ ወደ ብረቱ እየሸሸ ነው ማለት ነው። ኢፍቱም እንዲሁ አደረገች። አምፖሉ ጨለማ ነበር። መሪውን ቀስ እያለች ወደ ግራ አዞረችው።

አምፖሉ በራ።

መለሰችው፣ ጠፋ። አዞረችው፣ በራ። ብልሽቱ መሪው የሚዞርበት አንገት አጠገብ ነው። በፋኖስ ብታየው እዚያ ላይ ናስትሮው ወፈር ብሏል፤ እንቁላል የዋጠ እባብ ይመስላል። በምላጭ ቀደደችው።

ወፍራሙ ቀይ ሽቦ እዚያ ላይ ተቆርጧል። በተቆረጠው መካከል የበር ደወል የሚሠራበት ዓይነት ቀጭን ነጭ ሽቦ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን፣ ተቀጥሏል። ልባሱ በሙቀት ቀልጦ መዳቡ ራቁቱን ወጥቷል። መሪው ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ብረቱን ይነካል። በቅጥያው ላይ ደግሞ ክር ታስሯል።

ቢጫ ክር።

በነገሳ ጋራዥ ሽቦ የቀጠለ ሰው ናስትሮ ከማልበሱ በፊት የራሱን ክር ያስርበታል። ክሩ ከጎረቤቱ ሸማኔ የሚመጣ ነው። ቀዩ የአባቷ፣ አረንጓዴው የሣህሌ፣ ቢጫው የሷ። «ሽቦ አፍ የለውም» ይላል አባቷ፣ «የሠራው ሰው ይናገርለት።» የተቃጠለ ቅጥያ ከተገኘም ከነክሩ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ይሰቀላል፤ ባለክሩ እስኪያስረዳ ድረስ አይወርድም። አባቷ ከውጭ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ሚስማሩን ነው።

ኢፍቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ሠርቼው ይሆን? የፈተናው ነገር አእምሮዬን ወስዶት ይሆን? ክሩ የሷ ነው፣ ሰው የሚያምነውም ይህንኑ ነው። ለጥቂት ጊዜ እሷም አመነች።

ከዚያ ሁለት ቁራጭ ሽቦ አነሣችና እንደ ልማዷ በግራ እጇ ጠመዘዘቻቸው። ከተቃጠለው አጠገብ አስቀመጠች። የሷ ጥምዝምዝ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ፣ ያኛው ወደ ሌላው ጎን። ቀኝ እጅ የጠመዘዘው ነው።

ቀዩን ሽቦ ዘረጋችው። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ልክ ነው፣ መብራቱ ድረስ ይደርሳል። መሪው ሲዞር ግን አንድ ስንዝር ያንሳል። ሣህሌ የለካው መሪውን ቀጥ አድርጎ ነው። ቆረጠ፣ የተረፈውን ለክላክሱ ጎተተ፣ ከዚያ አጠረው።

ጥፋቱ የኔ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ብላ አሰበች። የራስ ጥፋት ቢያንስ ምን እንደሚያደርጉት ይታወቃል።

ሣህሌ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው፣ ቆሎ እየቆረጠመ። «ኢንጂነር፣ ሐኪሙ መጡ እንዴ?» አለ ከበሩ።

«መጥተው ሄዱ። ‘ብዙ ነግሬያት ነበር’ ያልከውንም ነገሩኝ። ምን ነበር የነገርከኝ?»

ሣህሌ የተቀደደውን ናስትሮ አየ። መቆርጠሙን አቆመ።

«እንዲያው ነው ያልኩት» አለ።

«ሽቦው አጠረህ።»

«ስንዝር ናት፣ ኢፍቱ። አንዲት ስንዝር። ሌላ ወፍራም ሽቦ አልነበረም፣ ጋሼ ነገሳ የሉም፣ አንቺ ፈተና ላይ ነሽ። ይበራል አልኩ። በራም።»

«የክላክሱ ሽቦ ነበር። ክላክሱን ብትተወው ይበቃህ ነበር።»

ሁለቱም ያን ክላክስ ምን ያህል እንደወደደው ያውቃሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሲሰማው የማን ሥራ እንደሆነ ለሁሉም ነግሯል።

«ደግሞ ማጠሩን አይደለም የጠየቅሁህ» አለች። ሽቦውን አነሣችው። ቢጫው ክር ከጣቶቿ መካከል ተንጠለጠለ። «ይሄን ነው።»

ሣህሌ እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። «አንቺ ልጃቸው ነሽ» አለ በመጨረሻ። «ቢበዛ ተቆጥተው ያበቃል። እኔ እዚህ ማን ነኝ? ‘ሂድ’ ካሉኝ አጎቴ ደጅ ተመልሼ ፍየል ልጠብቅ ነው።»

«እኔስ? ሰንዳፋ እንደሚልከኝ አንተ ታውቃለህ። ሲነግረኝ አጠገቤ ቆመህ ነበር።»

«ሰንዳፋ እኮ ለክረምት ብቻ ነው።»

አባባሉ ቀላል ነበር፣ ስለ ዝናብ የሚያወራ ያህል። ኢፍቱን ከሁሉም የቆረጣት ይህ ነው። ክሩን ሲያስር በድንጋጤ ነው ብላ ልታስብለት ፈልጋ ነበር። ለካ አስልቶበታል፤ የሷን ክረምት በአንድ እጁ፣ የራሱን ነገር በሌላው ይዞ መዝኗል።

እሱ ግን የላላችለት መስሎት ቀረብ አለ። «ስሚ፣ አሁንም መላ አለው። ቅጥያውን እንጣለውና አዲስ ሽቦ እናድርግ። ሐኪሙ ቦዩ ውስጥ ሲወድቁ ድንጋይ ሽቦውን በጠሰው እንላለን። ማን ያውቃል? አንቺም አትሄጂ፣ እኔም አልባረር። በናትሽ።»

እውነትም ማንም አያውቅም። አባቷ ያምናል፤ ሐኪሙም ለሁለቱ ሲሉ ያምናሉ። ክረምቱን ሙሉ እዚህ፣ ከፒንሳና ከካቻቢቴ ጋር ትሆናለች። ሣህሌም በየቀኑ አጠገቧ ይሆናል፣ ሽቦ እያቀበላት፣ ኢንጂነር እያላት። ናስትሮ በተጠቀለለ ቁጥር ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ልታስብ ነው።

«ካቻቢቴውን አቀብለኝ» አለች።

ሣህሌ በፍጥነት አቀበላት፣ የተስማማች መስሎት። ኢፍቱ ክላክሱን ፈታችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ወፍራም ሽቦውን ከሥሩ ጎትታ አወጣች። መሪውን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ቀጥሎም ወደ ቀኝ አዙራ ለካች፤ ሁለት ጣት ጨምራ ቆረጠች። በግራ እጇ ጠመዘዘች፣ ክሯን አሰረች፣ ናስትሮ አለበሰች። የመጨረሻውን ቫልቮላ አስገባች። መሪውን ሃያ ጊዜ ያህል አዞረችው። መብራቱ ግድግዳው ላይ ከዳር ዳር ሄደ፣ ተመለሰ፣ አልጠፋም።

«አላልኩሽም?» አለ ሣህሌ። «በቃ፣ ያንን ስጪኝና ወንዝ ልጣለው።»

አልሰጠችውም። የተቃጠለውን ቅጥያ ወደ ብርሃኑ አቀረበችና ቢጫውን ክር በጥፍሯ ፈታችው። ቋጠሮው ጠንካራ ነበር፤ ጊዜ ወሰደባት። ክሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ቅጥያውን ያለ ክር ወስዳ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

በዚያ ሚስማር ላይ ክር የሌለው ነገር ተሰቅሎ አያውቅም።

«ምን ማድረግሽ ነው?» ድምፁ ቀጠነ። «ነገ እኮ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ‘የማን ነው?’ ይላሉ።»

«ይላል።»

«ምን ልትያቸው ነው?»

«‘የኔ አይደለም’ እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝም እላለሁ።»

ሣህሌ ሚስማሩን አየ፣ እሷን አየ። ውጭ ከእንጦጦ የወረደው ጭጋግ የባሕር ዛፎቹን ጫፍ መሸፈን ጀምሯል፤ አዳዳ ሎሚ ከጓሮ ስሟን ትጠራለች።

ኢፍቱ እጇን በጨርቅ ጠረገች። የክር ጥቅሎቹ ሁልጊዜ አንድ ላይ የሚቀመጡባትን የቆርቆሮ ሣጥን ከፈተች። አረንጓዴውን ጥቅል አውጥታ ከሚስማሩ ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀዩን በቦታው ተወችው።

«ስትወጣ በሩን ዝጋው» አለችው።

ቢጫውን ጥቅል ግን ይዛው ሄደች።