የክርስትና ስሟ

«ቀስ በይ እንጂ። ጸጉር እኮ ነው፣ ገመድ አይደለም» አለች ልዕልት፣ በእህቷ ጉልበቶች መሀል ተቀምጣ።

ኤሌኒ ማበጠሪያውን በጥርሷ ነክሳ ሦስተኛውን ጉንጉን እንደገና ፈታችው። ለትምህርት ቤት ሃያ ደቂቃ ቀርቷቸዋል። ምሳ ዕቃዎቹ ተዘጋጅተዋል፤ የልዕልት አንደኛው ካልሲ ግን ገና አልተገኘም። እናታቸው ይህን ሁሉ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ እያወራች ነበር የምትጨርሰው።

አባታቸው ዓለምነው የላብራቶሪ ጋዋኑን በክንዱ ይዞ ወጣና ጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀመጠ።

«ኤሊ፣ የእናትሽን የክርስትና ስም ጻፊልኝ። ቅዳሜ አርባዋ ስለሆነ መምሬ ህሩይ በጽሑፍ ይፈልጉታል፤ ማታ አደርስላቸዋለሁ።» በሩን ከከፈተ በኋላ ዞረ። «እኔማ ዐሥራ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ አላውቀውም። ደግነቱ አንቺ አለሽ።»

ኤሌኒም አታውቀውም።

አዘዞ ወዳለው አዲሱ ቤት ከገቡ ዓመት አልሞላቸውም፤ የደብሩ ቄሶች እናቷን በደንብ አያውቋትም ነበር፤ የድሮ ንስሐ አባቷም አርፈዋል። የቀብሩ ዕለት ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል መምሬ ህሩይ «የክርስትና ስሟ ማነው?» ብለው ጠየቁ። አባቷን ሁለት ሰዎች ደግፈውት ቆሟል፤ መናገር አልቻለም። ሰው ሁሉ ወደ ኤሌኒ ዞረ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለቁርባንም ሆነ ለጠበል ቄስ ያንን ጥያቄ ሲጠይቅ እናቷ ከኋላ ጎሸም ታደርጋት፣ እሷም ትመልስ ነበር። ያን ቀን የሚጎሽማት አልነበረም። አፏ ግን ልማዱን አልረሳም።

«ወለተ ሩፋኤል» አለች።

የራሷን ስም።

የነቃችው «ነፍሰ አመትከ ወለተ ሩፋኤል» ሲሉ ነው። በዚያ ለቅሶ መሀል ተሳስቻለሁ ማለት አልሆነላትም። በሰባተኛው ቀን እናገራለሁ አለች፤ ከዚያ በዐሥራ ሁለተኛው። በሠላሳኛው ቀን ከሴቶቹ ጀርባ ቆማ ስሟ ከሙታን ጋር ሲጠራ ሰማች፤ ያስደነገጣት አለመደንገጧ ነበር። ትክክል መሰላት። ስታጥብ፣ ስትቀቅል፣ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ደብተር ገልጣ አንዱንም መስመር ሳታነብ ስትቀር፣ በሕይወት አለች የሚያሰኝ ብዙ ነገር አልነበራትም። ግን እናቷ በዚያ ሁሉ ጸሎት ውስጥ አንድም ቀን በስሟ አልተጠራችም።

ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች የእናቷን ቦርሳ ፈተሸች። የሆስፒታል ካርድ፣ ግማሹ የተዋጠ ኪኒን፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት። በእናቷ እጅ ጽሑፍ «በጸሎት እንዲያስቡልኝ» ይላል። ከሥሩ ኃይለ ሚካኤል፣ ዓለምነው። ወለተ ሩፋኤል፣ ኤሌኒ። ፍቅርተ ማርያም፣ ልዕልት። ሌላ የለም። ገልብጣ አየችው። ጀርባው ባዶ ነው። ለሁሉም ለምና ራሷን አልጻፈችም።

ዛሪማ ያለው የእናቷ ወንድም አያ ሰውአገኝ ጋ ደወለች። መንገድ ተዘግቶ ለቀብሩ እንኳ አልደረሰም። በዘጠነኛው ሙከራ መስመሩ ገባ። የእናቷን የክርስትና ስም ጠየቀችው።

«ወለተ ነበረ» አለ።

«ወለተ ማን?»

«ወለተ… ምነው ዛሬ ጠየቅሽኝ ልጄ? እሱን የምታውቅ ክርስትና እናቷ ነበረች፤ እሷንም ካቻምና ቀበርን። ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። ወለተ መሆኑን ግን አልጠራጠርም።»

ኤሌኒ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። እሷም ወለተ ናት። የሰፈሩ ሴት ግማሹ ወለተ ነው።

ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ወለተ ሩፋኤል ብላ ብትደግመው ማንም አይጠይቃትም። ወለተ ኪዳን ብትልም ያው ነው፤ አባቷ አመስግኖ ይወስደዋል። «ወለተ» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶውን እንደያዘች ብዙ ቆየችና ክዳኑን ገጠመችው።

አባቷ አመሻሽ ላይ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ወረቀቱን አነሣ።

«አልጨረስሽውም እኮ።»

«የማውቀው እሱን ብቻ ነው፣ አባዬ። በቀብሩ ቀን የነገርኳቸው የእኔን ነው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«እስከ ዛሬ በአንቺ ስም ነው?»

«እስከ ዛሬ።»

ለአያ ሰውአገኝ መደወሏንም ነገረችው፤ እሱም እንደማያውቀው። አባቷ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰው፤ የሚጠይቀው ሰው እንደሌለ እሱም ያውቃል።

«ሽሮው ዛሬም ጨው በዝቶበታል» አለች ልዕልት ከወጥ ቤት።

ኤሌኒ ገብታ ውሃ ጨመረችበት፤ ምድጃውንም አጠፋች። ስትመለስ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የእናቷን ነጠላ አወረደች። ካረፈች ወዲህ የነካው ሰው አልነበረም።

«መምሬ ጋ አብሬህ እሄዳለሁ። እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለችው።

«ስሙን ሲጠይቁሽስ ምን ትያለሽ?»

«አላውቀውም እላለሁ።»

አባቷ ቀስ ብሎ ተነሣ። ኤሌኒ ነጠላውን ተከናነበችና እህቷን ጠራቻት።

«ልዕልት፣ ካልሲሽን አድርጊ፤ ልንወጣ ነው።»

«አንዱ አልተገኘም እኮ።»

«በአንዱ ነይ።»