የአጥቂው ማህደር

ማህደሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተገኘ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የክለቡ ጸሐፊ አቶ እሸቴ ደብረ ብርሃን የሚገኘውን ቢሮአቸውን ከፍተው ሲገቡ፣ የብረት ቁምሳጥኑ ገርበብ ብሎ ነበር። የተጫዋቾቹ ማህደር ሁሉ በየቦታው ተደርድሯል። አንዱ ብቻ ወጥቷል፤ የአጥቂው የቴዎፍሎስ ገብረአማኑኤል።

ላፕቶፑ አልተነካም። አዲሶቹ ማሊያዎች በላስቲካቸው እንደታሸጉ ናቸው። የጠፉት ሁለት ወረቀቶች ብቻ ነበሩ፤ የልደት ምስክር ወረቀትና የአሥረኛ ክፍል ሰርተፊኬት።

አቶ እሸቴ ፖሊስ ጠሩ።

ምክትል ኢንስፔክተር ሰርካለም ስለ ኳስ የምታውቀው ነገር የለም። ስለ ሰው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ስትጠይቅ ኖራለች።

«ቴዎፍሎስ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ታታሪ ነው» አሉ አቶ እሸቴ። «በአሥራ ሁለት ዓመት ሰባት ክለብ ቀያይሯል። አንደኛ ሊግ፣ ከፍተኛ ሊግ፣ ተመልሶ አንደኛ ሊግ። ዕድል የመጣለት ገና ዘንድሮ ነው። አንድ የደቡብ ክለብ የሁለት ዓመት ውል አቅርቦለታል። ዝውውሩ ቅዳሜ ይዘጋል። ኦሪጅናል ወረቀቱን ካላቀረበ አበቃ።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«እንዲሄድ ይፈልጋሉ?»

ጸሐፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «አልፈልግም። ከእሱ ሌላ ጎል የሚያገባልን የለም። ግን ለዚህ ብዬ ሌባ አልሆንም። ትናንት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደብረ ሲና ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

«የቁምሳጥኑ ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?»

አቶ እሸቴ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ዋንጫ አመለከቱ። «እዚያ ውስጥ።»

«ማን ያውቃል?»

«ሁሉም ሰው» አሉ አፍረው።

ሰርካለም ወደ ሜዳው ወረደች። ነፋሱ ይጋረፋል። ቴዎፍሎስ ቀኝ ጉልበቱን በፋሻ ጠምዝዞ ብቻውን ይሮጣል። የሆነውን ነገረችው። ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ፈራ። ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ይቅር፣ ኢንስፔክተር።»

«ምኑ?»

«ምርመራው።»

«ውልህስ?»

«እግዜር ያውቃል። ብቻ ይቅር።»

ፂሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ከምላጩ ያመለጡት ጆሮው ሥር ያሉ ጥቂት ፀጉሮች ግን ነጭ ነበሩ። ሰርካለም አየቻቸው። የተሰረቀ ሰው «አትፈልጉልኝ» ሲል ግን ሰምታ አታውቅም።

ከቴዎፍሎስ ጋር ባለፈው ሳምንት የተጣላ ወልደተንሣኤ የሚባል ወጣት አጥቂ ነበር። አስጠራችው። ልጁ ሳቀ።

«እኔ ልስረቅ? እሱ ከሄደ እኮ ቦታው የኔ ነው! ስንቅ ቋጥሬ ነው የምሸኘው።»

እውነቱን ነው። እሱን ለቀቀችው።

አቶ እሸቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዘበኛውንስ?» አሉ። «ከወለጋ የመጣ ተፈናቃይ ነው። ምን ይታወቃል?»

ሰርካለም አባባሉን አልወደደችውም። ዘበኛውን ጌታሁንን ግን አስጠርታ ጠየቀችው።

«ትናንት ቢሮ የገባ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ጋሽ ጌታሁን፣ ልጆች አሉዎት?»

«አራት። መጠለያ ውስጥ ነን።» ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «አንዴ ቤቴን ጥዬ ወጥቻለሁ። ከዚህም ካስወጡኝ የምሄድበት የለኝም።»

«እኔ የመጣሁት ወረቀት ፍለጋ ነው። እንጀራዎን ልዘጋ አይደለም።»

ዘበኛው ቀና አለ።

«ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መጣ» አለ በመጨረሻ። «የቴዎፍሎስ ወንድም ነኝ አለኝ። መልኩ ቁርጥ እሱን ነው። ዶፍ እየወረደ ነበርና አዘንኩለት፤ ቢሮውን ከፍቼ አስቀመጥኩት። ልምምዱ ሳያልቅ ወጣ። የጎረቤላ መኪና ከየት እንደሚነሳ ጠይቆኝ ሄደ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር።»

ዓርብ ማለዳ ሰርካለም አንኮበር ወረዳ፣ ጎረቤላ ገባች። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየተግተለተለ መንገዱን ሞልቶታል። አንዲት ባለሱቅ አገኘች።

«የኳስ ተጫዋቹ የቴዎፍሎስ ገብረአማኑኤል ቤት በየት በኩል ነው?»

ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ አየቻት። «የቄስ ገብረአማኑኤል ልጅ? ቴዎፍሎስ መቼ ኳስ ተጫውቶ ያውቃል! ዲያቆን ነው፤ ገበሬ ነው። ያንቺ ኳስ ተጫዋች ታላቅ ወንድሙ ነው። ወልደኪዳን።»

ሰርካለም ለአፍታ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ወደ ተጠቆመችው ቤት ሄደች። አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ደጃፍ ላይ የባቄላ ገለባ ይከምራል።

«ቴዎፍሎስ?»

«አቤት።»

መታወቂያዋን አሳየችው። አልደነገጠም። ገብቶ ዳዊቱን አመጣና ከገጾቹ መሃል ሁለት ወረቀት አወጣ።

«አልሰረቅኩም» አለ። «የራሴን ነው የወሰድኩት።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ደብረ ብርሃን፣ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አጥቂው ሲገባ ወንድሙን አይቶ በሩ ላይ ቀረ።

«ግባ፣ ወልደኪዳን» አለች ሰርካለም።

በዚህ ከተማ በዚያ ስም የጠራው ሰው የለም። ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ።

«ነገሩ መቼ ጀመረ?» አለች ሰርካለም።

ታናሹ መለሰ። «እኔ አሥረኛ ክፍልን የጨረስኩ ዓመት ነው። እሱ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከሃያ ዓመት በታች ቡድን ሊሞክር ሄዶ አርጅተሃል ብለው መለሱት። አልቅሶ አባታችንን ለመነ። አባቴ የኔን ወረቀት ሰጠው። እስኪደላደል ድረስ ነው፣ ወንድምህን አታዋርድ ብሎ ቃል አስገባኝ። በሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ፎቶ ደብዛዛ ነው፤ መልካችን ደግሞ አንድ ነው።»

«ታዲያ አሁን ለምን?»

«አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። እዚህ ያለ ፋብሪካ የመጋዘን ሠራተኛ ሊቀጥረኝ ነው። ሰኞ ኦሪጅናሉን አምጣ አለኝ። ስጠኝ ብዬ ለመንኩት፤ ይኼን ውል ልጨርስና አለኝ። ረቡዕ ደግሜ ልለምነው መጥቼ ቢሮው ውስጥ ስጠብቀው፣ ዋንጫው ውስጥ ቁልፉን አገኘሁ። ጠፋብኝ ብዬ ምትክ ላወጣ ብል በሐሰት መማል አለብኝ። እኔ ዲያቆን ነኝ። እውነቱን ብናገር ወንድሜን አሳስራለሁ። በየት ልውጣ?»

«ሁለት ዓመት ብቻ ነበር የቀረኝ» አለ ወልደኪዳን።

«ሁልጊዜ ሁለት ዓመት ነው!» ታናሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ።



«ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው» አለ ወልደኪዳን ወለሉን እያየ። «ጉልበቴ ሲቆረጥመኝ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው እንዲህ አያመውም እላለሁ፤ ዋጥ አድርጌ እሮጣለሁ። እንኳን ተወለድክ ሲሉኝ ቀኑ የእሱ ነው። አንዲት ልጅ ላገባ ፈልጌ ነበር። በማን ስም ልፈርም? ሸሸኋት። አንድ የሚያውቀኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ክለብ ቀየርኩ። ሰዉ ክለብ የሚጠላኝ፣ እኔም የማልረጋ ይመስለዋል።»

ሰርካለም ወረቀቶቹን ጠረጴዛው መሃል አኖረች።

«ስማኝ። ሰነዶቹ የኔ ናቸው፣ ወንድሜ ሰርቆኛል ካልክ፣ እሱ ቃሉን ማስረዳት አለበት። እስከዚያ ግን ዛሬ እዚህ ያድራል። እውነቱን ከሰጠኸኝ፣ የምታድረው አንተ ነህ። ኳሱም ያበቃል።»

ወልደኪዳን ወንድሙን አየው። የታናሹ እጅ በማረስ ብዛት ተሰነጣጥቋል። የእሱ እጅ ለስላሳ ነው። ቃል መስጫውን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። ስም የሚለው ቦታ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። እጁ ለምዶ «ቴ» ብሎ ጀምሮ ነበር። ሰረዘው። ወልደኪዳን ገብረአማኑኤል ብሎ ጻፈ። ዕድሜ፦ ሠላሳ አራት።

«አሁን ሰርተፊኬቴን ልውሰድ?» አለ ታናሹ።

ሰርካለም ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነበር። «ኤግዚቢት ነው። ፍርድ ቤት እስኪወስን ከእኛ ጋር ይቆያል።»

«ሰኞ ነው የሚፈልጉት።»

«አውቃለሁ።»

ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፈችለት። ፋብሪካው ደብዳቤውን አክብሮ ተቀበለ፤ ሥራውን ግን ለሌላ ሰው ሰጠ። የደቡቡ ክለብ ሌላ አጥቂ አስፈረመ። ጌታሁንን ለማባረር አቶ እሸቴ ደብዳቤ አርቅቀው ነበር፤ ሰርካለም ቢሮአቸው ሄዳ ዋንጫው ውስጥ ስለሚቀመጠው ቁልፍ ስትጠይቃቸው ደብዳቤው ሳይወጣ ቀረ።

ዐቃቤ ሕግ ታናሹን አልከሰሰውም። ታላቁን በሌላ ሰው ማስረጃ በመገልገል ከሰሰው። ወልደኪዳን ጥፋቱን አምኗል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ወንድሙን በምስክርነት ሊሰማ ቀጠረ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ጥቂት የቡድኑ ልጆች መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። የችሎቱ ጸሐፊ ፋይሉን ገልጣ ተጣራች።

«አንደኛ ምስክር፣ ቴዎፍሎስ ገብረአማኑኤል!»

ሁለት ሰዎች ብድግ አሉ።

ዳኛው ከሚያዩት መዝገብ ቀና አሉ። በተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ የቆመው ሰው ዙሪያውን አየ፤ ፊቱ ቀላ። ቀስ ብሎ፣ ቀኝ ጉልበቱን በእጁ ደግፎ፣ ተቀመጠ።