አረንጓዴ ቢጤው ቀለም

«ባልሽ አርፏል» የሚለው ስልክ የሻሽወርቅን ከሥራ ቦታዋ አስነሥቶ እያንገዳገደ ሱንድቢበሪ ካለው ቤታቸው አደረሳት። የስዊድን የዲሴምበር ጀምበር ከጠለቀች ቆይታለች። ባሏ አምሃ ለሚወለደው ልጃቸው በሚያዘጋጀው ክፍል ወለል ላይ፣ ከማሞቂያው ብረት ሥር ተደፍቷል። አጠገቡ መሰላል ቆሟል፤ ግድግዳው ላይ ሁለት የቀለም ሙከራዎች ጎን ለጎን ተቀብተዋል።

አስከሬኑን ያገኘው ንጋቱ ደረቱን እየደቃ ያለቅስ ነበር። ንጋቱ ተከራያቸው ነው። ክፍሉ የእሱ ነበር፤ ልጅ ሊመጣ ስለሆነ ለቆ ሳሎን ማደር ከጀመረ ሰንብቷል።

«ወንድሜ አምሃ፣ ክሬሙ ይሻል አረንጓዴ ቢጤው ስትል፣ ሳትመርጥ የሄድከው።»

«ምን እያለ ነው?» አለ ስዊድናዊው ፖሊስ።

«ሟቹን በሥራው እያነሣ ነው፤ ወጋችን ነው» አለችው መርማሪዋ ሸዋሉል። አዲስ አበባ ተወልዳ እዚሁ ፖሊስ የሆነች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት።

ጎረቤት ግን የባልና ሚስቱን የጠዋት ጭቅጭቅ ሰምቶ ተናግሯል። የፖሊሱ ዓይን ከየሻሽወርቅ አልነቀል አለ። ልጇን እስር ቤት ስትወልድ ታያት፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«በምን ተጣላችሁ?» ጠየቀቻት ሸዋሉል።

«በቀለም። ዛሬ ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ ሁለት ቆርቆሮ ገዛን። እሱ አንዱን፣ እኔ ሌላውን ወደድን። ‹ሁለቱንም ቀባና እያቸው› ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ።» ደኅና ዋል እንኳ አላለችውም።

«አቶ ንጋቱስ?»

«ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ከጨለመ ነው የገባሁት።»

«ከአምሃ ጋር በመሃል ተደዋውላችኋል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

የየሻሽወርቅ ወንድም ሰላምሰገድም ከሚኖርበት ሰፈር ከቮርቢ ጎርድ ደረሰ። የቤቱ ቁልፍ አለው፤ ከአምሃም ጋር ተኳርፈው ከርመዋል። አስከሬኑ ሲነሣ ሸዋሉል ሁሉንም ወደ ክፍሉ ጠራች።

«ሙከራዎቹ በደረት ቁመት ነው የተቀቡት። መሰላል ምን ያደርግለታል? የወደቀ ለማስመሰል ያቆመው ሌላ ሰው ነው።»

የሻሽወርቅ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ቀጥሎ የሚጠራው የእሷ ስም መሰላት።

«አቶ ሰላምሰገድ፣ የትኛው ቀለም ይሻላል?»

ቀረብ ብሎ አየ። «ሁለት ናቸው እንዴ? ለእኔ ያው አንድ ክሬም ነው።»

«ለእኔም። በዚህ ቢጫ አምፖል ማንም አይለያቸውም፤ አረንጓዴነቱ የሚታየው በቀን ብርሃን ነው። ቆርቆሮዎቹ ላይም ከቁጥር በቀር የተጻፈ የለም።» ወደ ንጋቱ ዞረች። «ሲወጡ ቀለሙ ገና አልተገዛም። ሲገቡ ጨልሟል። አልተደዋወላችሁም። ባለቤቱም ስትደርስ እርስዎ ‹አረንጓዴ ቢጤው› እያሉ ነበር። መቼ አዩት?»

ንጋቱ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው። ቤት ከሌለኝ የስዊድን መንግሥት አያስገባትም። ቀን ተመልሼ ክፍሉን ተውልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹የሻሽን ሳላማክር አይሆንም› አለኝ። እንቢ ማለቱ መስሎኝ ገፈተርኩት፤ ጭንቅላቱ ከማሞቂያው ብረት ጋር ተላተመ። ልገድለው ብዬ አልነበረም።»

የሻሽወርቅ እንባዋ እየወረደ አየችው።

«ቢያማክረኝ እሺ እል ነበር» አለች። «የሚወለደውን ልጅ እኛ ጋ እናስተኛው ነበር።»