የጠረጴዛው እግር እስኪጠገን

የተዋወቅነው በሾርባ ነው። እኔ ትሪ ይዤ በኮሪደሩ እየሮጥኩ ነበር፤ እሱ ደግሞ ተንበርክኮ የጡረተኛዋን አስተማሪ አልጋ ይጠግናል። የመሣሪያ ሣጥኑን በሩ ላይ ትቶት ኖሮ እግሬን ጠለፈኝ። እኔስ እንደምንም ግድግዳ ይዤ ቆምኩ፤ ሾርባው ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ የሰውየው ትከሻ ላይ ፈሰሰ።

«ውይ በሞትኩት! ተቃጠልክ?»

ዞር ብሎ አየኝ እንጂ ቃል አልተነፈሰም። ከንፈሮቹ መሀል ሚስማር ተደርድሮ ነበር፤ እንኳን ሊናገር ምራቁንም የሚውጠው በጥንቃቄ ነው። ዓይኖቹ ግን ይስቁ ነበር፤ እኔም ከድንጋጤዬ ይልቅ ያ ሳቅ አሳፈረኝ።

«ኧረ አይቃጠልም፣ ከቀዘቀዘ ቆይቷል» አሉ አስተማሪዋ ወንበራቸው ላይ ሆነው። «ይልቅ የተራብኩት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ሚስማሮቹን አንድ በአንድ መዳፉ ላይ አራገፈ። ከትከሻው ላይ ሾርባውን በጣቱ ቀመሰና «ጨው ያንሰዋል» አለ። ከዚያ ሚስማሮቹን ወደ አፉ መልሶ ሥራውን ቀጠለ።

ያኔ ከአገሬ ከወጣሁ መንፈቅ አልሞላኝም። በቤተ ክርስቲያናችን በኩል አንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ ላገለግል፣ የካቶሊክ ደናግል በሚያስተዳድሩት የአረጋውያን መኖሪያ ተመድቤ ነበር። ከማለዳው ቅዳሴ በኋላ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ፊት አጥባለሁ፣ ጥፍር እቆርጣለሁ፣ «መድኃኒት አልውጥም» የሚሉትን እለማመጣለሁ። ከሰዓት በኋላ በቅጡ በማልችለው ቋንቋቸው ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። የሐዘን ዜና ሳነብ እንኳ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ሁሉን ነገር እየሮጥኩ ስለምሠራ «ጥድፊያ» የሚል ስም አወጡልኝ። አናጢውን «ሚስማር» ይሉታል። ወላጆቻችን ያወጡልንን ስም የሚያስታውስ የለም።

እኔ የሰጠሁት አንድ ዓመት ነው፤ እናቴ ግን ዕድሜ ልኬን ሰጥታ ነበር። «ልጄ ልትመነኩስ ሄደች» ብላ ያልነገረችው ጎረቤት የለም። እሁድ እሁድ ትደውልና «ጥሪው እንዴት ነው?» ትለኛለች፣ ጉንፋን የያዘኝ ይመስል።

«ደህና ነው እማዬ።»

«በርቺ። እዚህ ሁሉም ይጠይቁኛል።»

እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር። ሲስተሮቹን እወዳቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ጸሎት ቤቱ ውስጥ ቁጭ ስል ያ ሩጫዬ ሁሉ ከላዬ ላይ ይወርዳል። ነገር ግን ዓመቱ ሲያልቅ ለአለቃችን ለማዘር «እገባለሁ» ወይም «አልገባም» ማለት ነበረብኝ፤ እንደ እናቴ ሐሳብ ግን መልሱ ካለቀለት ቆይቷል።

በዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ፤ በመጣሁ ዕለት ነው የነገሩኝ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ አለ። ከመስቀሉ ሥር ያለው ረጅሙ የደናግሉ ነው፤ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ትንሹ የበጎ ፈቃደኛዋና የምግብ አብሳይዋ ነው። ማኅበሩን ለመግባት የቆረጠች ልጅ ንግግር አታደርግም፣ አዋጅ አይነገርላትም። ወንበሯን አንስታ ከረጅሙ ጠረጴዛ ትቀመጣለች፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ አዛውንቶቹም፣ ዳቦ አምጪውም፣ ሰፈሩም ሁሉ ያውቃል። ሚስማር ደግሞ ከአባቱ ጀምሮ የቤቱ አናጢ ነው፤ ይህን ልማድ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

የአስተማሪዋ አልጋ መቼም አይጠገንም ነበር። ዛሬ ተሠርቶ በሳምንቱ ይንገዳገዳል፤ ሚስማር ይጠራል፣ እኔም እንደ አጋጣሚ እዚያው ክፍል ሥራ አላጣም። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ብገባ አስተማሪዋ አጎንብሰው በሻይ ማንኪያ ብሎን ሲፈቱ ያዝኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ?» አሉኝ፣ ምንም ሳያፍሩ። «እናንተ ሁለታችሁ እስክትነጋገሩ እኔ አፈር ልለብስ ነው እኮ።»

የተነጋገርንስ ጓሮ ነው። እኔ አንሶላ አሰጣለሁ፣ እሱ የጓዳውን በር ያስተካክላል። ሚስማሮቹን ከአፉ አወጣቸው።

«ልትመነኩሺ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም።»

«ይሄ ሁሉም እኔን አልጠየቀኝም።»

«ይኸው እኔ ጠየቅኩሽ።»

አንሶላውን ገመዱ ላይ ወጠርኩት፤ ፊቴን እንዳያይ ከኋላው ቆምኩ። «አላውቅም። እዚህ ስመጣ ቃል ገብቻለሁ፤ አገልግሎቴን ሳልጨርስ የልብ ጉዳይ አልጀምርም።»

ነፋሱ አንሶላውን አርገበገበው።

«ደግ» አለ በመጨረሻ። «እንጨትም ሳይደርቅ አይሠራበትም። እጠብቃለሁ። ግን ከእግዚአብሔር ጋር አልሻማም። እሱን ከመረጥሽ ድምፄን አትሰሚም።»

አንሶላውን ገለጥ አድርጌ አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ሥራችን ተመለስን፤ ያን ቀን አንሶላዎቹን በሙሉ ገልብጬ ማስጣቴን የነገረችኝ ምግብ አብሳይዋ ናት።

ጣጣው የመጣው ምግብ አብሳይዋ አምፖል ልትቀይር ትንሹ ጠረጴዛ ላይ የወጣች ጊዜ ነው። ሴትዮዋ ክብደቷን ራሷም አትክድም። እግሩ ቀጭ አለ፤ እሷ በደህና ወረደች፣ ጠረጴዛው ግን ተንበረከከ። ሚስማር መጥቶ በትከሻው ተሸከመውና «ቶሎ ይደርሳል» ብሎ ሄደ። እራት ሲደርስ ሳህኔን ይዤ መሀል ቤት ቆምኩ። ምግብ አብሳይዋ እንደሆነ «እኔ ቆሜ ካልበላሁ አይረጋልኝም» ብላ ወጥ ቤቷ ቀረች።

«መቼም ጭንሽ ላይ አትበዪም» አሉ ማዘር። «እስኪጠገን ነይ ከእኛ ጋር።»

ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ሲስተሮቹ ቀልደኞች ናቸው፤ ዳቦ እያደልኩ ከልቤ እስቅ ነበር። ለካ ሚስማር መለኪያ ሜትሩን ረስቶ ሊወስድ ተመልሷል። በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ከመስቀሉ ሥር፣ በደናግሉ መሀል፣ ደስ ብሎኝ ተቀምጬ አየኝ። ሜትሩን ሳይወስድ ሄደ። እኔ ይህን ያወቅኩት ቆይቶ ነው፤ ያኔ የማውቀው ጠረጴዛው አለመምጣቱን ብቻ ነበር።

ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ተከተለ። የአስተማሪዋ አልጋ ተንገዳገደ፤ የመጣው የማላውቀው ሽማግሌ አናጢ ነው። አስተማሪዋ አፍንጫቸውን ነፉ፤ ብሎን መፍታቱንም ተዉት። መንገድ ላይ አንዴ አየሁት፤ እሱም አይቶኛል፤ ቆብ አውልቆ እጅ ነሳኝና በሌላ መታጠፊያ ገባ። እንደ ባዳ! ተናደድኩ። «ይሂድ!» አልኩ። ሲመሽ ደግሞ አንሶላ እያጣጠፍኩ አለቀስኩ። «እጠብቃለሁ» ያለኝ ሰው ጠረጴዛ እንኳ መመለስ አቃተው።

እኔም በየቀኑ ከረጅሙ ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ሲስተሮቹ ሲጸልዩ ፊታቸውን አያለሁ። የሚወዱትን የሚያዳምጥ ሰው ፊት ነው። እኔ ስጸልይ ግን የበሩን ድምፅ ነበር የማዳምጠው። የተወኝ ሰው ቢሆንም፣ ባይመጣም፣ እውነቱ ያ ነው።

የአገልግሎቴ ማብቂያ ሲቃረብ ማዘር የታጠበ ልብስ በምናጣጥፍበት ክፍል መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«እህ፣ ልጄ?»

የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ማዘር፣ እወዳችኋለሁ። ግን ከእናንተ ጋር የተቀመጥኩት ጠረጴዛ ስለሌለኝ ነው።»

ሳቁ። «አውቃለሁ። የውጭው በር በተንኳኳ ቁጥር አንገትሽ ይዞራል። እኛ የምንጠብቀው በዚያ በር አይገባም።»

«አልተቆጡኝም?»

«ለምን? ተገፍታ የገባች መነኩሴ ሌላውን ስትገፋ ነው የምትኖረው። ለእናትሽ አንቺው ትነግሪያታለሽ፤ እሱን አላግዝሽም።» ወደ በሩ ሄደው መለስ አሉ። «አሁን ሂጂና ጠረጴዛሽን አምጪ።»

አናጢ ቤቱ ስደርስ ጠረጴዛው መሀል ላይ ቆሟል። አዲስ እግር ተገጥሞለታል፣ ተልጓል፣ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሚስማር ፍቅፋቂውን ይጠርግ ነበር። ሲያየኝ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይግቡ ሲስተር» አለኝ።

ክው አልኩ። አንቺ ሲለኝ የከረመ ሰው! «ማነው ሲስተር?»

«ገና ልብሱን ባይለብሱም…»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? ጠረጴዛዬን ለምንድነው ያስቀረኸው?»

«ለእርስዎማ ከእንግዲህ አያስፈልግዎትም። ከደናግሉ ጋር ተቀምጠው አይቻለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እንኳን ደስ አለዎት።»

መጀመሪያ ምን እንደሚል አልገባኝም። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ሳቅና ንዴት እኩል መጡብኝ፤ ንዴቱ ቀደመ።

«ጠረጴዛዬን የወሰድከው አንተ አይደለህም እንዴ? ታዲያ የት ልብላ? ግድግዳ ላይ?»

መጥረጊያው ከእጁ ወደቀ።

«እኔ… እኔው ራሴ…»

«አንተው ራስህ! ጠረጴዛዬን ወስደህ፣ ደብቀህ፣ መነኩሴ አደረግከኝ!»

የእንጨት ክምር ላይ ዘፍ አለ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «በማግስቱ ነው የደረሰው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ካመጣሁት መግባት አለብኝ፤ ከገባሁ አይሻለሁ። እግሩን እየፈታሁ መልሼ እገጥመዋለሁ። የዘጠኝ ቀን ጸሎትም ያዝኩልሽ።»

«ምን ብለህ?»

«ጥሩ መነኩሴ እንድትሆኚ።»

እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ልቡ እየደማ ለእኔ ደስታ ተንበርክኮ የሚጸልይ ሰው! እወደው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄ ነበር፤ ከዚያች ሰዓት ወዲያ ግን አልጠየቅኩም።

«ጸሎትህ አልተሰማም» አልኩት። «ለማዘር አልገባም ብያቸዋለሁ።»

ደንግጦ ተነሳ። «በእኔ ምክንያት?»

«አንተማ ጠፍተህ ነበር። በራሴ ምክንያት ነው።»

ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። አንድ እርምጃ ተጠጋ፤ እኔም አልሸሸሁም። ከዚያ ቆመ።

«ቃልሽ ግን ገና ነው» አለኝ። «ዓመቱ አላለቀም።»

«አላለቀም።»

«እንግዲያው አልናገርም።»

«አትናገር። ጠረጴዛውን ብቻ አንሳ።»

አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን በመንገዱ ወጣን። እሱ ወደ ኋላ ነበር የሚራመደው፤ ወደሚረግጥበት ማየት ሲገባው እኔን ያያል። ሁለት ጊዜ ከእንጨት ምሰሶ ጋር ተጋጨ። ዳቦ አምጪው ከብስክሌቱ ወርዶ «ምነው፣ ቤት እየለቀቃችሁ ነው?» አለን። ምግብ አብሳይዋ በሩን ከፍታ ጠበቀችን፤ ጠረጴዛውን ዳስሳ «ከእንግዲህ አልወጣበትም» ብላ ማለች። የዚያን ቀን ምሳዬን ትንሹ ጠረጴዛ ላይ በላሁ። አዛውንቶቹ ወሬውን ለመስማት የመስሚያ መሣሪያቸውን ሁሉ አስተካክለው ነበር።

አገልግሎቴ ያለቀ ዕለት ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። አፉ ውስጥ አንድም ሚስማር የለም። ለካ ይህ ሰው ወሬ ያውቃል! ፍቅሩ እንዴት በሾርባው ቀን እንደጀመረው፣ ከአንሶላው ኋላ ጫማዬን እያየ እንዴት እንደቆመ፣ ሁሉን ነገረኝ። ማዘር በደመወዝ እንድቀጥል ፈቅደውልኝ ነበርና ከዚያ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም። «ታገቢኛለሽ?» ሲለኝ መልሴን ከጥያቄው ቀድሜ ጀመርኩ። ጥድፊያ በከንቱ አላሉኝም።

ለእናቴ የደወልኩት በማግስቱ ነው። ከሁሉም የፈራሁት ይህን ስልክ ነበር።

«እማዬ፣ አልመነኩስም።»

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች።

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ። ለሰዉ ሁሉ ምን ልበል? ለእግዚአብሔር ሰጥቼሽ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ። እሱ ግን መርቆ መለሰኝ።»

ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሌላ የምለው ስላጣሁ ሁሉንም ዘረዘርኩላት፤ ስለ አናጢው፣ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ መስኮቱ። ጸሎቱ ጋ ስደርስ ለቅሶዋን አቆመች።

«እንድትመነኩሺ ጸለየ?»

«ጸለየ።»

«እየወደደሽ?»

«እየወደደኝ እማዬ።»

አፍንጫዋን ስትናፈጥ ይሰማኛል።

«አናጢ ነው አልሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አንድ ወንበር ይሥራልኝ» አለች። «ስመጣ የምቀመጥበት። መደገፊያው ደልደል ያለ ይሁን፤ ወገቤን ታውቂው የለ።»