ካራ ዳገት ላይ የተተወው መንገድ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ደግሞ በጨለማ አልሆነም። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ጥርት ብላ ነው የሆነው። ቦታው ከመገናኛ ተነስቶ በላምበረትና በኮተቤ አድርጎ ወደ ካራ ከሚወጣው ዋና መንገድ በላይ ነው። ብዙዎቻችሁ በየቀኑ ከሥሩ ታልፋላችሁ።

የነገረኝ ራሱ ባለታሪኩ ነው። ሲነግረኝ ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም።

ምንያህል ይባላል። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሥራው መንገድ መቀየስ ነው። ጥቅምት ላይ እናቱን ቀበረ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባ።

አላለቀሰም። ሰዎች "አይዞህ" ሲሉት "እሺ" ይላል። ምግብ ሲያቀርቡለት ይበላል። ተኛ ሲሉት ይተኛል።

"ምንም አይሰማኝም ነበር" አለኝ። "ምንም።"

ኅዳር ላይ ወደ ካራ ተላከ። ዋናው መንገድ ስለተጨናነቀ ከላይ በዳገቱ በኩል ተለዋጭ መንገድ ሊወጣ ታስቧል። አሮጌ ካርታ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለች። መንገዱ ወደ ታች ከመዛወሩ በፊት ያልፍ የነበረው በዚያ ነው። ዳገቱ ድሮ ስለተቆረጠ ቁፋሮው ይቀላል ተባለ።

አብራው የሄደችው ጂቱ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሳቂታ፣ ወሬ የማይሰለቻት። ከሥራ ባልደረቦቹ መሀል ምንያህልን እንደ በሽተኛ የማታየው እሷ ብቻ ነበረች።

"ጋሼ፣ ዛሬም ካልሳቅክ ምሳ ትጋብዘኛለህ" ትለው ነበር።

አይስቅም። ይጋብዛታል።

አሮጌውን መንገድ ባህር ዛፉ መሀል አገኙት። ምንያህል መጀመሪያ ያየው ነገር ሣር አለመኖሩን ነው። ስንት ዓመት ማንም ያልሄደበት መንገድ... አንድ ሣር አልበቀለበትም። መሬቱ ትናንት እንደተረገጠ ጠጥሯል።

ሁለተኛው ነገር ቤቶቹ ናቸው። አፋፉ ላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተዋል።

በዚያ በኩል አንድም መስኮት የለም።

የመጨረሻው ቤት የእማማ አባይነሽ ነው። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ግን እጃቸው ገና ያልደከመ ሴት ናቸው። መስመሩ በጓሯቸው ያልፋል። ምንያህል ይህን ሲነግራቸው አልጮኹም፤ አልለመኑም።

"ቤቱን አፍርሱት" አሉ። "መንገዱን ግን ወደ ቦታው አትመልሱት።"

"ለምን እማማ?"

"አባቴ እዚህ ድንጋይ ፈላጭ ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ። አንድ ቀን ዳገቱ ተናደና ሠላሳ ሁለት ሰው ዋጠ። አላወጧቸውም። ከላይ ጠጠር አለበሱባቸው።"

ምንያህል ካርታውን ማጠፍ ጀመረ።

"በማግስቱ አሠሪው ስም ጠራ። የሞቱትንም ጭምር፤ መዝገቡ ገና አልተሰረዘም ነበርና።"

"እሺ?"

"ሁሉም አቤት አሉ።"

"... ሠላሳ ሁለቱም?"

"ሠላሳ ሁለቱም። አባቴ ያን ቀን ዶማውን ጥሎ ሄደ። በዘጠኝ ሰዓት ነው ሥራ የሚገቡት ልጄ። በዚያ ሰዓት ስምህን የሚጠራ ከሰማህ፣ አቤት እንዳትል።"

ምንያህል አመሰገናቸውና ወጣ። የሰማውን ለጂቱ አልነገራትም። ለምን እንዳልነገራት ጠየቅኩት።

"ለመናገርም እኮ ጉልበት ይፈልጋል" አለኝ።

ባለሦስት እግር መለኪያውን እማማ አባይነሽ ጓሮ ተከለ። ጂቱ መስታወት የተሰካበትን ዘንግ ይዛ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወረደች። እሱ በመለኪያው መነጽር መስታወቱን እያየ ቁልፍ ይጫናል፤ መሣሪያው ይመዘግባል። የሚነጋገሩት በስልክ ነው። እሷ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ወፎቹ ዝም አሉ።

በመነጽሩ አየ። ከጂቱ ጀርባ አንድ ሰው አለ። ያጎነበሰ።

ዓይኑን አነሳ። ጂቱ ብቻዋን ናት።

ተመልሶ አየ...

ሁለት ሆነዋል።

"ጂቱ። ከኋላሽ ሰው አለ?"

"የለም። ምነው?"

"እስኪ ዙሪ።"

ዞረች። ፊቷ ከአንደኛው ፊት አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም።

"ባህር ዛፍ ነው ያለው ጋሼ። ዛሬ መቀለድ ጀመርክ ማለት ነው?" ብላ ሳቀች።

አምስት ሆኑ። አሥር። ከዚያ መቁጠር ተወ። ዶማ ያነሳሉ፤ ያወርዳሉ። ድምፅ የለም። አቧራ አይነሳም።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ።

"አቤት?" አለች ጂቱ።

"ምን አልሽ?" አለ ምንያህል።

"ጠራኸኝ አይደል?"

"አልጠራሁሽም። ጂቱ፣ ውጪ። አሁኑኑ ወደ እኔ ነይ።"

ጂቱ ዘንጉን በቀስታ መሬት ላይ አስተኛችው። ከዚያ ወደ እሱ ሳይሆን በአሮጌው መንገድ ወደ ላይ፣ ወደ ባህር ዛፉ መሄድ ጀመረች። በባዶ ዓይን ሲያይ ብቻዋን ነበር የምትሄደው። በመነጽሩ ግን ፊትም ኋላም ተሰልፈው ነበር። መሀል አስገብተዋታል።

አሁን ምንያህል ከእኔ በቀር ለማንም ያልነገረውን ልንገራችሁ።

አልሮጠም። አልጮኸም። እጁ ቁልፉን መጫን ቀጠለ። መስታወቱ መሬት ላይ ነው፤ መሣሪያው የሚለካው ነገር የለም። ቢሆንም በየእርምጃዋ አንድ ጊዜ ይጫናል። መሣሪያውም በየጊዜው ጢት ይላል... መዝግቤያለሁ ማለቱ ነው።

ዛፎቹ እስኪውጧት ድረስ።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ጆሮው ላይ አደረገው። ብረት ድንጋይ ሲመታ ይሰማል። ብዙ ሰው ይተነፍሳል። አንድ ሰው ቀስ እያለ ስም ይጠራል።

"ወልደገብርኤል።"

"አቤት።"

"ሕሩይ።"

"አቤት።"

"ሙክታር።"

"አቤት።"

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። የሴት ድምፅ ሆነ፤ ለምሳ የሚጠራ ዓይነት ድምፅ።

"ምንያህል..."

"የእናቴ ድምፅ ነበር አልልም" አለኝ። "አልነበረም ማለትም አልችልም።"

አፉን ከፈተ።

ሻካራ መዳፍ ከኋላ መጥቶ አፉን ግጥም አድርጎ ያዘው። እማማ አባይነሽ ናቸው። በሌላ እጃቸው ስልኩን ነጥቀው ሣሩ ላይ ወረወሩት።

"ዝም በል" አሉ በሹክሹክታ። "ዝም በል ልጄ። ዝም።"

ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ከወደቀው ስልክ አይደለም፤ ከመንገዱ ነው። ሦስቱንም ጊዜ መዳፋቸው ሥር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። መመለስ ፈልጎ ነበር። እናቱ ከሞተች ወዲህ የፈለገው የመጀመሪያው ነገር ያ ነበር።

ከዚያ ወፎቹ ጮኹ።

ዘጠኝ ከሩብ ነበር። ሮጦ ወረደ፤ ዘንጉ እንደተኛ ነው። ወደ ላይ ሮጠ፤ ጂቱ የለችም። ስሟን ለመጥራት አፉን ከፈተና ዘጋው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ ከሣሩ ላይ መልሶ ያነሳው ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው።

"ወልደ ሐዋርያት እባላለሁ፤ እንጦጦ ማርያም ጥበቃ ነኝ። አንዲት ልጅ በሩ ላይ ተቀምጣ አግኝተን ነው። ቁጥርዎን የሰጠችን እሷ ናት።"

ከካራ እንጦጦ ማርያም በጫካው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እሷ ከጠፋች ግን ገና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

በታክሲ ደረሰ። ጂቱ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከሳምንት በፊት የገዛችው ቦቲ ጫማ ሶሉ አልቆ የእግር ጣቷ ወጥቷል። እጇን ያዘ። መዳፏ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈርጦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ጠንክሯል። የቀን ሠራተኛ መዳፍ ሆኗል።

"ጋሼ" አለች። "ስንት ወር ሆነኝ?"

"ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላሽም።"

እጇን ከእጁ አወጣች።

"ሥራው አላለቀም እኮ" አለች።

ጂቱ ዛሬ ፍቼ እናቷ ዘንድ ናት። ደህና ናት ይላሉ። ትበላለች፤ ትተኛለች። መሳቅ ግን ትታለች። ስሟ ሲጠራ አቤት አትልም፤ ቀርበው ትከሻዋን ይነኳታል።

ምንያህል በሪፖርቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፈ፦ "ቦታው ናዳ ስለሚያሰጋው ለመንገድ አይሆንም።" ማንም አልተከራከረውም። መስመሩ ሌላ ቦታ ተሰጠው። እማማ አባይነሽም ቤታቸው ውስጥ ቀሩ።

ሚያዝያ ላይ ምንያህል ከመገናኛ በሚኒባስ ወደ ካራ ይሄድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። መሀለኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሁሉም ሰው ስልኩን ያያል።

ካራ ሳይደርሱ፣ ከአሮጌው መንገድ ሥር፣ ፌርማታ በሌለበት ቦታ፣ ሹፌሩ ቆመ። ወራጅ ያለ የለም። ዳር ቆሞ የሚጠብቅም የለም።

ረዳቱ በሩን ከፈተ።

ማንም አልገባም።

አንድ ሴትዮ ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ከኋላም ሰዎቹ ተራ በተራ፣ ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሱ፣ ጠጋ ጠጋ አሉ። መኪናው ትንሽ ዝቅ አለ።

"ሞልቷል፣ ሳበው" አለ ረዳቱ፤ በሩንም ዘጋ።

ምንያህል ግራ ቀኙን አየ። ማንም ቀና አላለም።

እሱም ጉልበቱን ሰብስቦ ተጠጋ።