የኤሊው ቦርሳ

«ይሄ ኤሊ የኛ ኤሊ አይደለም!» አለች ጠበቃ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆማ መጽሐፉን እያውለበለበች።

ጠበቃ የሚሏት ከሁሉም ጋር ስለምትከራከር ነው። ዳቦ ስትገዛ ከሻጩም ከዳቦውም ጋር ትከራከራለች ይባላል። የክፍሉ ግማሽ ከበዋታል፤ ከመሀላቸው የልብ ጓደኛዋ ምስጥ አለች። ለምስጥ ይህ ስም የወጣላት እርሳስ ስለምታኝክ ነው።

ኤሊውን የማያውቅ የለም። ፖስተኛ ነው። በቴሌቪዥኑ ካርቱን የወንዝ ዳር መንደር እየዞረ ደብዳቤ ያድላል፣ በየደጁ ይዘፍናል። ይዘገያል እንጂ አይቀርም። እናቶቻቸው በልጅነታቸው አይተውታል፤ እነሱም አይተውታል። አሁን ግን ራሱን «ጥላ» ብሎ የሰየመ ሰው ኤሊውን በሥዕል መጽሐፍ አወጣው። በመጽሐፉ ወንዙ ደርቋል፤ መንደሩ ፈርሷል። ኤሊው አንድ ዓይኑን አጥቶ፣ ተቀባይ የሌላቸው ደብዳቤዎች ተሸክሞ ባዶ ቤት ያንኳኳል። አይዘፍንም።

«ማስረጃ!» አለ ሬዲዮ። አፉን ዘግቶ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ ነው።

«ማስረጃው ቦርሳው ነዋ! በካርቱኑ ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻው ነው። እዚህ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በግራ። ስለዚህ ይሄ ኤሊውን ገድሎ ቦርሳውን የቀማ መንትያ ወንድሙ ነው!»

ክፍሉ ተንጫጫ።

«ቆይ፣ ኤሊ ትከሻ አለው እንዴ?» አለ ሬዲዮ።

«ቀሽም! ደብዳቤ ሲያድል ዝም ብለህ አሁን ትከሻው ገረመህ?»

ሁሉም ሳቀ። ምስጥ ግን የራሷን ቦርሳ ከግራ ትከሻዋ ቀስ ብላ አውርዳ ወደ ቀኝ አዞረችው።

ጥላ አጎቷ ነው። የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ አብሯቸው ይኖራል፤ ቀን ቀን የሱቅ ታፔላ ይጽፋል። ካላየ አይስልም። ኤሊም ቢሆን ሰው ቆሞለት ነው የሚስለው። ስለዚህ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ በገመድ ጀርባዋ ላይ ያስርላታል፤ እሷም የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ጎንበስ ብላ ክፍሉን ትዞራለች። ቦርሳው በየትኛው ትከሻ ይሁን ያለ የለም። እሷ እንደ ልማዷ በግራ ያዘችው፤ እሱ ያየውን ሳለ። መንትያ የሚባል ነገር የለም። ያለው አንዲት ልጅና አንድ ሳፋ ነው።

«ለማንም እንዳትነግሪ» ብሏት ነበር። «ሕፃናት ለሚያስለቅስ ሰው ታፔላ የሚያሠራ ኬክ ቤት የለም።»

ምስጢር መጠበቁ አልከበዳትም። መጽሐፉ የወጣ ሰሞን ሁሉም ሲያወግዝ፣ ጠበቃ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት። ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። «ይሄን የሳለ ሰው እጁ ይታሰር!» አለች ምስጥ። ተጨበጨበላት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ «እጁ ይታሰር» የክፍሉ መፈክር ሆነ። የቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ክበብ ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ተጽፏል።

ማታ እናቷ ለአጎቷ ሻይ ያለ ስኳር አቀረበችለት። መጽሐፉን ካነበበች ወዲህ ስኳር ከልክላዋለች።

«እኔን ያሳደገኝ እኮ ያ ኤሊ ነው» አለች። «ምን በደለህ? ዓይኑን እንኳ አትተውለትም?»

«እታለም፣ አንዱን ትቼለታለሁ።»

«ደግሞ ይመልስልኛል! ሳፋዬስ? የልብሱ ክምር ጣሪያ ሊነካ ነው!»

አጎቷ ወደ ምስጥ ዞረ። «ልጆቹ ስለ መጽሐፉ ምን አሉ?»

ስድቡን ብትነግረው የማን ስድብ እንደሆነም መንገር ሊኖርባት ነው። «ምንም አላሉም፣ ጋሼ።»

ፊቱ ጠወለገ። «ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። የቤተ መጻሕፍታችሁ ኃላፊ በማተሚያ ቤቱ በኩል መልእክት ልካልኛለች። ሐሙስ ክበቡ ላይ መጥተህ አነጋግራቸው ትላለች። አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

ምስጥ ሰሌዳው ታያት። አጎቷ ገብቶ መፈክሩን ሲያነብ፣ ሬዲዮም ከኋላ «የሷ ነው!» ብሎ ሲጮህ ታያት።

«ይቅርብህ» አለች።

አጎቷ ሳፋውን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ ለእህቱ ሰጣት። «እጠቢበት። የጀመርኩት ሁለተኛ መጽሐፍ ቀርቷል።»

እናቷ ሳፋውን እንደያዘች ቆመች። አሸንፋለች፤ ደስ ያላት ግን አትመስልም። ተመልሳ ሻዩ ላይ ስኳር ጨመረችለት። ምስጥን የባሰ የከፋት ይሄ ነው።

በማግስቱ ጠበቃ ማስረጃዋን ልታጠናክር ምስጥንና ሬዲዮን እየጎተተች ወደ ቤተ መጻሕፍት ወሰደቻቸው። ኃላፊዋ መጽሐፉን ከመሳቢያ አወጣችው።

«ቀስ አድርጋችሁ ያዙት፤ ጀርባው ተገንጥሏል።»

«አዲስ አልነበር እንዴ?» አለች ምስጥ።

«ነበር። እናንተ ስትጠሉት እንዲህ ሆነ።»

ምስጥ መጽሐፉን ገለጠችው። ጠርዙ ተጠቅልሏል፤ ሽፋኑ በፕላስተር ተጣብቋል። አንዱ ገጽ በጣት ብዛት ከሌሎቹ ይበልጥ ጠቁሯል። ኤሊው ባዶውን ቤት አንኳኩቶ፣ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ መልስ የሚጠብቅበት ገጽ ነው። ምስጥ ያን ቀን ትዝ አላት። ደክሟት፣ ሳፋውን እንደተሸከመች ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ነበር። አጎቷ «እንዳትነሺ!» ብሎ ጮኸ።

«ስንቴ አነበብከው?» አለችው ሬዲዮን።

«አራቴ። ለመስደብ ነው።»

«አንቺስ?»

ጠበቃ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ ማስረጃ ነው የማገላብጠው።» የጠቆረውን ገጽ ስታይ ግን ድምጿ ዝቅ አለ። «ሰውየው ሐሙስ ቢመጣ አንድ ነገር እጠይቀው ነበር። እዚህ ቤት ማን ነበር የሚኖረው? እንቅልፍ ነስቶኛል።»

«ልትሰድቢው አልነበር?»

«መጀመሪያ እሰድበዋለሁ። ቀጥሎ እጠይቀዋለሁ። ሥርዓት አለው።»

«መልስ አልሰጠንም» አለች ኃላፊዋ።

«ፈርቶ ነዋ!» አለ ሬዲዮ።

ምስጥ እርሳሱን ከአፏ አወጣች። «የፈራው እሱ አይደለም» አለች። ሁለቱም አፍጥጠው አዩዋት፤ እሷ ግን ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ሳፋው አረፋ ሞልቶ ልብስ ተዘፍዝፎበታል። ልብሱን ወደ ባልዲ ገልብጣ፣ ሳፋውን ጀርባዋ ላይ አሰረችና ጎንበስ ብላ ወደ አጎቷ ክፍል ገባች። እናቷ «አንቺ! ኧረ ወለሉን!» እያለች ተከተለቻት።

አጎቷ የዳቦ ቤት ታፔላ እየጻፈ ነበር።

«ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ። ሌላ ወሬ የላቸውም። ይሳደባሉ።»

«ይሳደባሉ?» ዓይኑ በራ።

«ክፉኛ። አንዷማ ቦርሳው በግራ ስለሆነ ኤሊው ነፍሰ ገዳይ ነው ትላለች።»

«ነፍሰ ገዳይ!» ብሩሹን አስቀመጠ።

«እጁ ይታሰርም ይላሉ።» የሳፋውን ገመድ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «እሱን መጀመሪያ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

ከሳፋው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። አጎቷ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አያቸው።

«የቱ?» አለ።

«እ?»

«የትኛው ይታሰር? ቀኙ ከሆነ ታፔላውን ልጨርስ።»

እናቷን ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ኮስተር አለች። «ብቻ ያን የቀረ ዓይኑን ትነካና!» ብላ ወጣች። ሳፋዋን አልጠየቀችም።

ሐሙስ አጎትና ልጅ የክበቡ በር ላይ ቆሙ። ከውስጥ የጠበቃ ድምጽ ይሰማል። ስለ መንትያው ግድያ እያስረዳች ነው። አጎቷ ኮሌታውን አስተካከለ፤ ጣቱ ላይ የታፔላ ቀለም አለ።

«እንግባ?» አለ።

«አንተ ትንሽ ቆይ፣ ጋሼ። መጀመሪያ እኔ ልግባ።»

ቦርሳዋን ከቀኝ ትከሻዋ አወረደች፤ በግራዋ አንጠለጠለችውና በሩን ከፈተች።